የሰኞ እጥበት

ሪጅ ስፖርት የተባለው የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ በጥር ወር መጨረሻ እንደሚዘጋ በተነገረ በሦስተኛው ቀን፣ ወይዘሮ ቬርና ሸማንስኪ ስልክ ደወሉ። ስልኩን ያነሣው ኤሚል ሁዳክ ነበር። ኤሚል ጣቢያው ከተከፈተበት ዓመት አንሥቶ በዚያው የኖረ፣ የካሴቶቹ መጋዘን ጠባቂ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው አንድ የቀረው ሰው ነው። ድምፃቸውን በሰማ ጊዜ እርሳቸው የሚያዩት ይመስል ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ።

«ኤሚል፣ ልጄ፣ ልትዘጉ ነው አሉ።»

«አዎ፣ ወይዘሮ ሸማንስኪ። የወሩ መጨረሻ ላይ።»

«እኔ ምን አልኩ መሰለህ? ሳይዘጉት በፊት መጋዘኑን ባዶ ማድረጋቸው አይቀርም አልኩ። ዕቃ ሲነሣ የጠፋ ሁሉ ይገኛል። እኔ ምድጃውን ሳስነሣ የክሌምን ጥርስ አግኝቼ የለም?»

«የአቶ ክሌምን ጥርስ?»

«ሰው ሠራሹን ነው እንጂ፤ ምን ታስባለህ? በሞተ በስድስት ዓመቱ ከምድጃው ሥር ወጣ። የልጄ የዴኒም ካሴት እንደዚያው ነው። አሁን ታገኘዋለህ።»

«እየፈለግን ነው፣ ወይዘሮ ሸማንስኪ» አለ ኤሚል።

ይህን ቃል እየመለሰላቸው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ስልኩን ከዘጋ በኋላም እጁ ከላዩ ሳይነሣ ቆየ። ካሴቱ እንደማይገኝ ያውቃል። በአንድ ሰኞ ማለዳ በገዛ እጁ ደምስሶታል፤ ይህንንም ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ ፍለጋው መጨረሻ ስላልነበረው ውሸቱም መጨረሻ አላስፈለገውም ነበር። አሁን ግን መጋዘኑ ወና የሚሆንበት ቀን ተቆርጧል፤ በወና መጋዘን ውስጥ ደግሞ «እየፈለግን ነው» አይባልም። ወይ እውነቱን ለሰማንያ ዓመት እናት መንገር ነበረበት፣ ወይ አፉን ዘግቶ ከሁለት አንዳቸው እስኪሞቱ መጠበቅ።

ሳንዲ ጋፕ በሁለት ተራሮች መካከል የተወሸቀ የከሰል ማዕድን ሸለቆ ነው። ቴሌቪዥን በአገሩ ሁሉ በተስፋፋበት ዘመን ተራሮቹ ሞገዱን እየጋረዱት፣ በሸለቆው ቤቶች የሚታየው ነጭ ብናኝ ብቻ ነበር። ኦቶ ሄፍነር የሚባሉ ነጋዴ በሱቃቸው የደረደሯቸውን ቴሌቪዥኖች የሚገዛ ሰው ቢያጡ፣ በተራራው አናት ላይ አንቴና ተከሉና ሽቦውን ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እየጎተቱ እስከ ደንበኞቻቸው ጓዳ አደረሱት። የሸለቆው ሰው ኬብልን ያወቀው እንዲህ ነው። ዓመታት አልፈው ማዕድን ማውጫዎቹ ተራ በተራ ሲዘጉና ወጣቱ ወደ ከተማ መፍለስ ሲጀምር፣ ኦቶ ሁለተኛ ሐሳብ መጣላቸው። «ሰው ከዓለም ሻምፒዮን ይልቅ የጎረቤቱ ልጅ ሲወድቅ ማየት ይወዳል» አሉና፣ ከሱቃቸው ፎቅ ላይ በሦስት ክፍሎች ውስጥ ሪጅ ስፖርትን ከፈቱ።

ሲጀመር አንድ የዳቦ ማመላለሻ የነበረ መኪና፣ ሁለት ካሜራና ሃያ ካሴት ነበራቸው። ከካሜራዎቹ አንደኛው ቀለም አያውቅም። ካሴቱም ውድ ስለ ነበር ኦቶ ሃያ አንደኛውን ለመግዛት እስከ ሞቱ ድረስ ጨክነው አያውቁም ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ስለዚህ ዓርብ የተቀረጸው ግጥሚያ ቅዳሜና እሑድ ይታያል፤ ሰኞ ማለዳ ደግሞ በዚያው ካሴት ላይ ሌላ ይቀረጽበታል። የሸለቆው ሴቶች ሰኞ ሰኞ ልብስ የማጠብ ልማድ ስለ ነበራቸውና ከጣቢያው መስኮት የተሰጣው ልብስ ሁሉ ይታይ ስለ ነበር፣ ሠራተኞቹ ይህን ሥራ «የሰኞ እጥበት» አሉት። አጣቢው ኤሚል ነው። በካሴቱ ጀርባ ያለውን የቀድሞውን ስም በእርሳስ ሰርዞ አዲሱን ይጽፍና፣ ከማሽኑ ሦስት ቁልፎች የሚያስፈልገውን ይጫናል፤ አንዱ ለሥዕሉ፣ አንዱ ለአስተላላፊው ድምፅ፣ አንዱ ለሕዝቡ ድምፅ። በዚህ ዓይነት የስንቱ ልጅ ጎል፣ የስንቱ ልጅ እንባ በላይ በላዩ ታጥቦ እንደ ሄደ ቈጥሮት የሚያውቅ የለም።

ዴኒ ሸማንስኪ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ የትግል ስፖርተኛ። በሳንዲ ጋፕ ከትግል የሚበልጥ ስፖርት የለም። ዓርብ ማታ በአውራጃው የፍጻሜ ግጥሚያ ላይ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። እሑድ አመሻሽ ላይ የጓደኛው መኪና በበረዶ ተንሸራትታ ከድልድዩ ጋር ስትጋጭ ሞተ። ኤሚል ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ሲገባ ይህን አልሰማም። ኦቶ እሑድ ዕለት በከተማው የቦውሊንግ፣ ማለትም ኳስ አንከባሎ የቆሙ እንጨቶችን የመጣል፣ ውድድር ዋንጫ አግኝተው ስለ ነበር፣ ቀትር ላይ ራሳቸውን በቴሌቪዥን ለማየት ቸኩለዋል። ኤሚል እጁ የደረሰበትን ካሴት አነሣ፤ በጀርባው «የአውራጃ ትግል፣ ፍጻሜ» የሚለውን ሰረዘና «አቶ ሄፍነር፣ ቦውሊንግ» ብሎ ጻፈበት። ወሬው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርሰው እጥበቱ አልቆ ነበር።

ረቡዕ ዕለት የዴኒ አባት አቶ ክሌም ሸማንስኪ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ከከሰል ጉድጓድ በቀር ሌላ ሥራ የማያውቁ፣ ከአፋቸው ቃል የማይወጣ ሰው ነበሩ። ባርኔጣቸውን በደረታቸው ላይ ይዘው «የዓርቡን ካሴት ብናየው ብለን ነበር» አሉ። ኤሚል እኒያን እጆች ባየ ጊዜ «እንፈልገዋለን» አለ። ለዚያች ቀን ብቻ ያላት ቃል ነበረች፤ በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ሄዶ እውነቱን ሊነግራቸው ቈርጦ ነበር። በማግሥቱ ቀብር ነበር። ከዚያም ዛሬ ነገ ሲል ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንዲሉ፣ ዴኒም በሸለቆው አፍ ውስጥ በየዓመቱ እየገዘፈ ሄደ፤ ካሴቱም አብሮት ገዘፈ። ስለዚህ እውነቱን መናገር በየዓመቱ እየከበደ እንጂ እየቀለለ አልመጣም።

ከፋሲካ በፊት ባለው፣ ሥጋ ብቻ በሚከለከልበት ጾም የመጀመሪያ ዓርብ የሸለቆው ሰው በየዓመቱ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ተሰልፎ የድንች ቂጣ ይበላል። ጠባሿ ወይዘሮ ቬርና ናቸው። ለማንም ለማን ሦስት ቂጣ ነው የሚሰጠው፤ ለኤሚል ግን ከሦስቱ ሥር አራተኛ ይሸጉጡለታል። «የኛን ነገር እየፈለገ የሚደክም ሰው ነው» ይላሉ ከኋላው ለተሰለፉት። ከዚያም ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «ተገኘ?» ይላሉ። ያን አራተኛ ቂጣ ኤሚል ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በላው። አንድም ቀን ጣፍጦት አያውቅም፤ አንድም ቀን ግን አልተወውም፤ ከተወው ለምን እንደ ተወው መጠየቁ አይቀርምና።

ጣቢያውን ከኦቶ ወራሾች የገዛው የከተማው ድርጅት፣ የመዝጊያው ዕለት የሚታይ የአንድ ሰዓት ታሪክ እንዲዘጋጅ አዘዘ። ሥዕሉን ኤሚል እንዲመርጥ፣ ትረካውን ደግሞ የጣቢያው ድምፅ የነበረው ቼት ፕሮሰር እንዲያነብ ተወሰነ። ቼት የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ሁለቱም ጉልበቶቹ በብረት ተተክተዋል። አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ምርኩዙን እያንኳኳ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቋሊማ በብብቱ ይዞ መጣ።

«ይህ ወንበር እኔ ስሄድ እንዲህ አይጮህም ነበር» አለ እየተቀመጠ።

«ወንበሩ አይደለም፤ አንተ ነህ» አለው ኤሚል።

«እኔማ ዘይት ተቀብቼ ነው የመጣሁት። አምጣ እስቲ ወረቀቱን።» መነጽሩን አድርጎ ጥቂት አነበበና ቀና አለ። «‘ሪጅ ስፖርት የሸለቆው ልብ ነበር።’ ይህን የጻፈው ማነው?»

«ከከተማ ነው የላኩት።»

«የምን ልብ አመጣብኝ። የሸለቆው ሐሜት ነበርን እንጂ፤ በሥዕል የተደገፈ ሐሜት። እኔ እንደሱ ብዬ ነው የማነበው።»

«አንተ የተጻፈውን አንብበህ ታውቃለህ እንዴ?»

«አንድ ጊዜ። የሠርጌ ዕለት። አየኸው ምን እንዳመጣብኝ።»

እንዲህ እየተባባሉ ሥራው ቀጠለ። ኤሚል ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያጫወተ ወደ ኮምፒውተር ያስገባል፤ ቼትም ያየውን ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ ይህ ሞቷል፣ ይህ ፍሎሪዳ ሄዷል፣ ይህች የቄሱን የወንድም ልጅ አግብታ ፈትታለች። ወደ ማምሻው ላይ ቼት ምርኩዙን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ቀሰረ።

«የኦቶ ቦውሊንግ አለ አይደል? እሱ የግድ መግባት አለበት።»

«ይቅር» አለ ኤሚል።

«እንዴት ይቀራል? ሰውየው በገዛ ጣቢያው፣ በገዛ ገንዘቡ ያሠራውን ዋንጫ፣ ለራሱ ሸለመ። ከዚህ የበለጠ የኛ ታሪክ የት አለ? ደግሞም እንዳይታጠብ የታዘዘ ብቸኛው ካሴት እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሲታጠብ የኦቶ ኳስ ለዘለዓለም ይንከባለል ተብሎ ተፈረደ።»

«ተበላሽቷል።»

«መቼ አየኸው?»

«አላየሁትም።»

«ታዲያ መበላሸቱን በራእይ ነው ያወቅኸው?» አለ ቼት፤ ከወንበሩም ተነሥቶ ካሴቱን በምርኩዙ ጫፍ ስቦ አወረደው።

ኤሚል ያን ካሴት ከዚያች ሰኞ ወዲህ ነክቶት አያውቅም። ከጀርባው የሰረዘው ጽሑፍ አሁንም በእርሳሱ መስመር ሥር ይነበባል። ቼት ግን ጽሑፉን ልብ አላለውም፤ ካሴቱን ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ኦቶ ሄፍነር ብቅ አሉ፤ ሆዳቸውን በሸሚዛቸው ወጥረው፣ ኳሱን እንደ ሕፃን ታቅፈው። የቼት የወጣትነት ድምፅ ያሞግሳቸዋል። ቼት በራሱ ድምፅ ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ ግን በኮምፒውተሩ ላይ የድምፁን ከፍታ የሚያሳዩትን ሁለት አረንጓዴ መስመሮች እያየ፣

«ቦውሊንጉ ላይ አንድ ማይክ ብቻ አልነበረንም? ሁለተኛው ምንድን ነው የሚዘለው?» አለ።

ኤሚል አየ። ሁለተኛው መስመር በእርግጥም ይዘል ነበር። የቼትን ድምፅ ዘጋና ሁለተኛውን ከፈተው።

ኦቶ ኳሳቸውን ያለ ድምፅ ወረወሩ፤ ከማሽኑ የወጣው ግን የብዙ ሕዝብ ጩኸት፣ በእንጨት መቀመጫ ላይ የሚረግጥ እግር፣ የዳኛ ፊሽካ ነበር። ከሁሉም በላይ አንዲት ሴት ትሰማ ነበር፤ «ዴኒ፣ ከሥሩ ውጣ። ውጣ፣ ዴኒ» እያለች።

ኤሚል ያን ጊዜ የሆነውን ተረዳ። ቦውሊንጉን የቀረጹት በአንድ ማይክ ስለ ነበር፣ በዚያች ሰኞ ማለዳ ከሦስቱ ቁልፎች ሁለቱን ብቻ ተጭኖ ነበር። ሥዕሉ ታጥቧል፤ የቼት ድምፅ ታጥቧል፤ የሕዝቡ ድምፅ ግን ከኦቶ ቦውሊንግ በስተጀርባ፣ ማንም ሳይሰማው፣ በላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ከሃያዎቹ ካሴቶች ሁሉ ከእጥበት የዳነው ደግሞ ያ ብቻ ነው።

የነበረውን ሁሉ ለቼት ነገረው። ቼት ምርኩዙን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«እና ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የቬርናን ቂጣ በላህ» አለ።

«በላሁ።»

«እፈልጋለሁ እያልክ።»

«እያልኩ።»

ቼት ቀልድ የሚፈልግ ይመስል አፉን ከፈት አድርጎ ቆየና መልሶ ገጠመው። ቋሊማውንም ረስቶት ሄደ።

ኤሚል ብቻውን በቀረ ጊዜ ያሰበው አንድ ነገር ነበር። እፈልጋለሁ እንዳለው አንድ ቀን እንኳ ከልቡ ፈልጎ ቢሆን፣ ባገኘው ነበር። ያላገኘው ውሸቱን ስለሚያውቅ ነው።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ሸማንስኪ ቤት ሄደ። ቤቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ ከተጋሩት የማዕድን ሠራተኞች ቤቶች አንዱ ነው። ወይዘሮ ቬርና በማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጎመን ይከትፉ ነበር። ላፕቶፑን ሲያዩ ቢላዋውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ጠጉራቸውንም ደባበሱ።

«አገኘኸው» አሉ።

«ልቀመጥ፣ ወይዘሮ ሸማንስኪ?»

«ተቀመጥ እንጂ፤ ምን ትገተራለህ?»

ተቀመጠ። በመንገድ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

«ካሴቱ ጠፍቶ አያውቅም» አለ። «እኔ ነኝ ሌላ የቀረጽኩበት። ሰኞ ጠዋት፣ ወሬውን ሳልሰማ በፊት። አቶ ክሌም ረቡዕ ሲመጡ ሥዕሉ አልነበረም።»

«ረቡዕ?»

«አዎ።»

«ክሌም ሲመጣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ወይዘሮ ቬርና ከከተፉት ጎመን አንዲት ፍንጣሪ ከጠረጴዛው ጠርዝ አንሥተው ወደ ሳህኑ መለሱ።

«ሥዕሉ የለም» አለ ኤሚል፤ «ድምፁ ግን ተርፏል። ትናንት ነው ያወቅሁት። ካልፈለጉ ይዤው እሄዳለሁ።»

በአገጫቸው ወደ ላፕቶፑ አመለከቱ። ኤሚል ከፈተው። ኦቶ ሄፍነር ኳሳቸውን ታቅፈው ብቅ አሉ።

«ይህ ማነው?»

«አቶ ሄፍነር ናቸው። ሥዕሉ የሳቸው ነው።»

ወይዘሮ ቬርና የዕቃ መወልወያውን ጨርቅ ከትከሻቸው አውርደው ማያው ላይ ጣሉበት። ከጨርቁ ሥር ፊሽካ ተነፋ። እግር ተረገጠ፤ ሕዝቡ ጮኸ። የአርባ አንድ ዓመቷ ቬርና «ዴኒ፣ ከሥሩ ውጣ» አለች፤ የሰማንያ ዓመቷ ቬርናም ፈገግ አሉ።

«አቤት ድምፅ። አህያ ነው የምመስለው» አሉ። «እናቴ ትቆጣኝ ነበር፤ እንደ ወንድ አትጩኺ ትለኝ ነበር።»

ቀጥሎ ጩኸቱ ጋብ ሲል፣ ከማይኩ በጣም የቀረበ የወንድ ድምፅ ተሰማ። አይጮኽም፤ ለራሱ እንደሚናገር ነው። «ቀስ በል… ክርንህን ሰብስብ… እንዲያ። አትቸኩል። ተንፍስ፣ ልጄ፣ ተንፍስ…»

የወይዘሮ ቬርና እጅ በጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ያ ማነው?»

«አሠልጣኙ መሰለኝ» አለ ኤሚል። «ማይኩን የደረጃው ብረት ላይ ነበር ያሰርኩት፤ ሦስተኛው ረድፍ ጋ።»

«አሠልጣኝ ማዶ ነው የሚቀመጠው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጥነው እኛ ነን።» ጆሯቸውን ወደ ጨርቁ አስጠጉ። «ክሌም ነው።»

ግጥሚያው አለቀ። የሕዝቡ ጩኸት ከሌላው ወገን ነበር። ያ ድምፅ ግን አላቋረጠም። «ምንም አይደለም። ምንም አይደለም፣ የኔ ጌታ። ቀና በል። እጁን ጨብጠው… እንዲያ ነው። እንዲያ ነው፣ ልጄ። አሁን ወደ ቤት እንሄዳለን።»

ከዚያ የሚሰማው የሰው መንጋጋትና የመቀመጫ መንኳኳት ብቻ ሆነ፤ በመጨረሻም ዝም አለ። ወይዘሮ ቬርና ለረጅም ጊዜ ጨርቁን ያዩ ነበር።

«ያን ማታ መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም» አሉ። «አንድ ቃል። ዴኒ ከኋላ ተቀምጦ፣ እኔ ከፊት። ቅዳሜ ጠዋት ዴኒ እዚህ፣ አንተ ያለህበት ወንበር ላይ ሆኖ፣ አባዬ አፈረብኝ አለኝ። አላፈረብህም አላልኩትም። እኔም ያፈረ መስሎኝ ነበር።»

ኤሚል አንገቱን ደፋ።

«ከዚያ በኋላ ከክሌም ጋር ሃያ አምስት ዓመት ኖርኩ። ለልጅህ አንድ ቀን እንኳ ደግ ቃል አልወጣህም እያልኩ፤ በአፌ አይደለም፣ በሆዴ ነው። ሳህኑን ሳስቀምጥለት በሆዴ እለው ነበር። እሱም ያውቃል። ሰው ያውቃል።» የጎመኑን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። «ሳንባው ሲያስጨንቀው፣ መተንፈስ ሲያቅተው፣ ኤሚል ደወለ ወይ ይለኝ ነበር። እኔ ልጁን ለማየት መስሎኝ።»

ከውጭ የቆሻሻ መኪና እየተንደቀደቀ አለፈ።

«ይህ ካሴት ክሌም በሕይወቱ ሳለ የት ነበር?»

«ላይኛው መደርደሪያ ላይ።»

«ታሞ ተኝቶ ሳለስ?»

«እዚያው።»

«ማንም አውርዶ ሊያጫውተው ይችል ነበር?»

«ይችል ነበር።»

ወይዘሮ ቬርና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የገበያ ዋጋ ተነግሯቸው እንደ ተረዱት ሰው። ቁጣ ቢወርድበት ኤሚል ይቀበለው ነበር፤ ለዚያም ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። የወረደበት ግን ምንም አልነበረም።

«ወደ መጀመሪያው እንዴት ነው የሚመለሰው?» አሉ።

ቁልፉን አሳያቸው። እንዳይረሱት በጣታቸው ሁለት ጊዜ አስነካቸው።

«እሺ። አሁን ሂድ።»

ላፕቶፑን ትቶላቸው፣ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። የበረንዳውን ደረጃ እየወረደ ሳለ ከውስጥ ፊሽካው እንደገና ሲነፋ ሰማ።

በጥር መጨረሻ ቀን ሪጅ ስፖርት የአንድ ሰዓት ታሪኩን አሳይቶ ተዘጋ። ቼት «የሸለቆው ልብ» የሚለውን እንደ ተጻፈው አነበበው፤ ስለ ሐሜቱ አልተናገረም። ኦቶም በቦውሊንጋቸው ታዩ፤ የተሰማው የመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነበር። ካሴቶቹን የጭነት መኪና ሲወስዳቸው ኤሚል አንዱን ብቻ አስቀርቶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ በሸማንስኪ በር ላይ አኖረው። በሩን አላንኳኳም።

በጾሙ የመጀመሪያ ዓርብ እሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ከወትሮው ይልቅ ሞልቶ ነበር። ቤቱ የሚያስቀምጠው ቴሌቪዥን ያጣ ሰው ሁሉ የመጣ ይመስላል። ኤሚል ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ አመነታ፤ ባይመጣ ይሻል እንደ ነበርም አሰበ። ነገር ግን በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የቀረበት ጊዜ ስላልነበረ፣ ዛሬ መቅረት ሌላ ውሸት መስሎ ታየውና ተሰለፈ። ከኋላው ቼት ነበር።

«ሂድ እንጂ» አለው ቼት፤ «ሰው ተርቧል። እኔ ደግሞ የቆምኩት በተገዛ ጉልበት ነው።»

ወይዘሮ ቬርና ከመጥበሻው ፊት ቆመው፣ ጠጉራቸውን በሻሽ አስረው ይጠብሱ ነበር። ተራው ደረሰ። ሳህኑን ዘረጋ። ወይዘሮ ቬርና ቀና ብለው አዩት፤ ፊታቸው አልተቆጣም፣ አልተፈታምም። አንድ ቂጣ አኖሩለት፤ ሁለተኛ አኖሩለት፤ ሦስተኛ አኖሩለት። ማንሻው ለአፍታ ከመጥበሻው በላይ ቆየና ተመለሰ። ጎንበስ አላሉም፤ የጠየቁትም ነገር አልነበረም።

«ኮምጣጣው ክሬም በወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ ነው» አሉት።

ይህ ለእንግዳ የሚባል ነው። የሸለቆው ሰው ክሬሙ የት እንደሚቀመጥ ከልጅነቱ ያውቃልና።

«አመሰግናለሁ» አለ ኤሚል።

ሳህኑን ይዞ ወደ ወዲያኛው ጠረጴዛ ሄደ፤ ክሬም ጨመረበት፤ በግድግዳው ጥግ ባዶ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሦስቱን ቂጣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው በላቸው።